ምልክቱ ለምን ይቀየራል?

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ አልጀብራ ሲጽፍ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ከመካከላችን ብዙዎቹ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ ሶሻል ሳይንስን የመረጡት ታሪክን ወይም ጂኦግራፊን አፍቅረው ሳይሆን ከሒሳብ ለማምለጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሒሳብ ግን እንደ ጥላ ተከተለን። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ዩኒቨርስቲ ከገባንም በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ለሶሻል ሳይንስ ተማሪዎች ተብሎ በተዘጋጀው ኮርስ እንደገና ተገናኘን። ስለዚህ ጉዳዩ የሳይንስ ፋኩልቲ ልጆች ነው ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። እንዲያውም የእኔ አሳብ የሚከተለው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አልጀብራ ማስጠናት ከሁሉ በፊት የቋንቋ ሥራ ነው፤ የቋንቋ ሥራ ከሆነ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

ቁጥሩን ያልሰማ የለም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ሲሰጥ፥ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። ይህ የሁሉም ትምህርት ውጤት ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ምክንያቱንም አንዱ በመምህራን፥ አንዱ በመጽሐፍ እጥረት፥ አንዱ ኩረጃ በመቅረቱ ያሳብባል፤ ከሁሉም ጋር ክርክር የለኝም። እኔ የምቆመው በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ነው። ጠባብነቱም እኛው ልናስተካክለው የምንችለው በመሆኑ ነው።

በሮቤና በጎባ ከተሞች ቅዳሜና እሑድ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆችን የሚያስጠና የዩኒቨርስቲ ተማሪ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ ለኪስ ገንዘብ፥ አንዳንዱ ለተከራየበት ቤት እመቤት ልጅ፥ አንዳንዱ ለዘመድ ሲል ያስጠናል። ልጁ ደብተሩን ይዘረጋና «ቲቸር፥ ይቺ አልገባችኝም» ይላል። አስጠኚው እስክሪብቶውን ይቀበልና በሦስት መስመር ሠርቶ ያስረክበዋል። ልጁ ሦስቱን መስመር ይገለብጣል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሮቹ ተቀይረው ያው ጥያቄ ሲመጣ ልጁ እንደገና «አልገባችኝም» ይላል፤ አስጠኚውም «ባለፈው አልሠራንም?» ብሎ ይቆጣል። ሠርተዋል፤ ነገር ግን አንዱም ሌላውን «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም።

ነገሩን በምሳሌ ማሳየት ይሻላል። አስቀድሜ ግን ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ልናገር። በክፍል ውስጥ ያልታወቀው ቁጥር «ኤክስ» ይባላል፤ እኔ እዚህ «ሀ» ብዬዋለሁ። ለሒሳቡ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ይህንንም ለልጁ ማሳየት ራሱ ግማሽ ትምህርት ነው። ኤክስን እንደ አንድ ምሥጢራዊ ፍጡር የሚፈራ ልጅ ብዙ ነው። «ሀ ማለት ገና ያልነገሩህ ቁጥር ነው፤ እስክናገኘው ድረስ በዚህ ስም እንጥራው» ሲሉት ፍርሃቱ ይቀልለታል።

እንግዲህ ይህን እንመልከት፦

3ሀ + 5 = 20

በየክፍሉ የሚሰጠው ሕግ «ቁጥር ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚል ነው። ልጁ ይህን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። አምስቱን ያሻግራል፤ 3ሀ = 15 ይላል። እስከዚህ ደኅና ነው። ቀጥሎ ሦስቱን ያሻግራል። ሕጉ ምልክቱ ይቀየራል ስላለው ሀ = 15 − 3 ብሎ ይጽፍና 12 ነው ብሎ ይደመድማል። አስጠኚው ይሥቅበታል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ የተሰጠውን ሕግ በታማኝነት ፈጽሟል። ጥፋቱ የሕጉ ነው፤ ምክንያቱን ደብቆ ውጤቱን ብቻ የሚናገር ሕግ ከድግምት አይለይም።

ምክንያቱ ደግሞ ከገበያ የራቀ አይደለም። ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ያላየ የባሌ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በአንዱ ሳሕን ላይ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሦስት ቋጠሮ ምስርና ባለ 5 ኪሎ መመዘኛ አለ፤ በሌላው ላይ 20 ኪሎ፤ ሚዛኑ ልክ ቆሟል። አንዱ ቋጠሮ ስንት ይመዝናል? ልጁን ዝም ብለህ ጠብቀው። «አምስቱን ከዚህ ባነሣ ሚዛኑ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ከዚያም አምስት ማንሣት አለብኝ» ይላል። ሦስት ቋጠሮ 15 ኪሎ ሆነ። «ሦስቱ 15 ከሆኑ አንዱ የ15 ሲሶ ነው፤ 5 ነው» ይላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ቁጥር የትም አልተሻገረም። አምስቱ ከግራም ከቀኝም ተነሣ፤ ከዚያ ግራውም ቀኙም ለሦስት ተካፈለ፤ አለቀ። ምልክቱ «የተቀየረ» የመሰለው በግራ በኩል የተነሣው ስለማይታይና በቀኝ በኩል የተቀነሰው ብቻ ስለሚጻፍ ነው። አሁን ልጁ መልሱን በቦታው መልሶ ይተካ፤ 3 × 5 + 5 = 20 ይሆናል። በ12 ቢሞክረው 41 ይሆንበታል፤ ሚዛኑ ተሰበረ ማለት ነው። ይህን የማመሳከር ልማድ ያገኘ ልጅ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አስጠኚውንም የመልስ ገጹንም አይጠብቅም።

ችግሩ ሥር የሰደደው ግን «=» የሚለውን ምልክት ከምናነብበት መንገድ ላይ ይመስለኛል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ሁለት ሲደመር ሦስት ስንት ይሆናል?» ስለተባለ፥ ልጁ ምልክቱን የሚያነበው «መልሱን ከዚህ በኋላ ጻፍ» እንደሚል ቀስት ነው። አልጀብራ ላይ ሲደርስ ቀስቱ አያገለግልም። ምልክቱ «ይህኛውና ያኛው ይተካከላሉ» ማለት መሆኑን አንድ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ደጋግሞ ሊነግረው ይገባል።

ስሙም ቢሆን የሚናገረው ይህንኑ ነው። በባግዳድ ይኖር የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኽዋሪዝሚ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ820 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ «አል-ጀብር» ያለው፥ ከአንዱ ወገን የጎደለውን በሁለቱም ወገን ጨምሮ መመለስን ነው። ቃሉ የተሰበረ አጥንት ለመጠገንም ያገለግላል፤ በስፔን አገር ወጌሻ «አልጀብሪስታ» ይባል እንደነበረ መዛግብተ ቃላት ይመሰክራሉ። አልጀብራ እንግዲህ የወጌሻ ሥራ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ኽዋሪዝሚ የእኩልታ ምልክትም ሆነ ኤክስ አልነበረውም። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ»፥ ማለት «ነገር» ይለው ነበር፤ ሒሳቡንም ሁሉ በተራ ዐረፍተ ነገር ጻፈው። የጻፈውም ሰዎች በውርስ፥ በንግድና በመሬት ልኬት ለሚገጥማቸው ጉዳይ ነው። ምልክቶቹ የመጡት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። እኛ ግን ልጁን በምልክቱ እንጀምርለታለን፤ ዐረፍተ ነገሩን ፈጽሞ አንነግረውም።

በሮቤ ክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ መድረሳ የቀራ፥ ሌላው የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በኽዋሪዝሚ ቢኮራ ሁለተኛውም ባሕረ ሐሳብ አለው። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመር 2018፥ 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ «ስለ ዘመኑ» ሲተው 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፥ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228፥ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 12 + 18 = 30። ሊቃውንቱ ድምሩ ከ30 እንደማይበልጥና እንደማያንስ ያስተምራሉ። ለምን? ወንበሩን ሀ ብንለው 11ሀና 19ሀ ተደምረው 30ሀ ናቸው፤ 30ሀ ደግሞ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፈውም። ስለዚህ ሁለቱ ትርፎች ባዶ ካልሆኑ በቀር ተደምረው 30 ከመሙላት ሌላ ዕድል የላቸውም። ይህ በሁለት መስመር የሚያልቅ የዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ነው። «ሒሳብ የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ በዚህ ጀምሩለት።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ዋናው ነገሬ እዚህ ነውና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። የባሌ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ፥ አንዳንዱም በአማርኛ፥ ሒሳብ ይማርና ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉ ነገር በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። አልጀብራም ልክ በዚያው ጊዜ ይጠነክራል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ታላላቆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት የሚሠራጭ የፕላዝማ ትምህርት መጣ። ቴሌቪዥኑ ጥያቄውን ጠይቆ፥ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ፥ ራሱ መልሶ ያልፍ ነበር፤ እጅ አውጥተው የሚያቆሙት አልነበረም። ዛሬም ብዙ አስጠኚዎች የፕላዝማውን ጠባይ የወረሱ ይመስላሉ።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ላንሣ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» ይላል። ልጁ ቃላቱን በተሰጡበት ቅደም ተከተል ይከተልና 5 − ሀ ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ ሀ − 5 ነው። ይኸው ነገር በአማርኛ «ከአንድ ቁጥር ላይ አምስት ሲቀነስ» ይባላል፤ ቁጥሩ ይቀድማል፥ አምስቱ ይከተላል። በአፋን ኦሮሞም «ለኮፍሰ ቶኮ ኢራ ሸን» ብሎ ይጀምራል፤ ያም ቁጥሩን ያስቀድማል። የቤቱ ቋንቋ የሒሳቡን ቅደም ተከተል ራሱ ጠብቆ አስቀምጦለታል! ልጁ በእንግሊዝኛው የሳተውን በአፉ ቋንቋ ቢያስብ ኖሮ ሊስተው የማይችል ነበር። ይህን የሚያየው ማነው? ዐረፍተ ነገር ሲሰካካ የት ላይ ግስ፥ የት ላይ ተሳቢ እንዳለ ሲመረምር የሚውለው የአርት ፋኩልቲ ልጅ ነው።

በቃላት የሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ እንዲህ ነው። «አንድ ገበሬ ስንዴና ገብስ በጠቅላላው 50 ኩንታል አገኘ፤ ስንዴው ከገብሱ በ14 ኩንታል ይበልጣል» ቢባል፥ ችኩሉ ልጅ 50 − 14 = 36 ብሎ ገብሱ 36 ነው ይላል። ከመጻፉ በፊት «ምንን ነው የማናውቀው?» ተብሎ ይጠየቅ። ገብሱን። እንግዲያው ገብሱ ሀ ይሁን። ስንዴውስ? ከገብሱ በ14 ይበልጣል፤ ሀ + 14። ሁለቱ በአንድ ላይ? ሀ + ሀ + 14 = 50። 14ቱን ከሁለቱም ወገን አንሣ፤ 2ሀ = 36። እነሆ ልጁ ያገኛት 36 ተገኘች፤ ነገር ግን የገብሱ እጥፍ ሆና። ገብሱ 18፥ ስንዴው 32። ልጁ ፈጽሞ አልተሳሳተም ነበር፤ መንገዱን እኩሌታው ላይ አቆመው እንጂ። ይህን ነግሮ ማበረታታት «ተሳስተሃል» ብሎ ከመሰረዝ ይሻላል።

ባቡር አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ሁለት ባቡሮች ከሚጨነቅም ስለ ራሱ መንገድ ቢጠየቅ ይሻላል። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ጎባ ከፍ ያለች ናትና ከሮቤ የተነሣው ሚኒባስ ዳገቱን በሰዓት 30፥ ከጎባ የተነሣው ቁልቁለቱን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ቢነሡ መቼ ይገናኛሉ? እስኪገናኙ ያለው ሰዓት ሀ ቢሆን፥ አንዱ 30ሀ፥ ሌላው 40ሀ ይሄዳል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ መንገዱን ጨረሱት፤ 70ሀ = 14። ሀ የሰዓት አንድ አምስተኛ፥ ማለት 12 ደቂቃ ነው። ከሮቤ 6 ኪሎ ሜትር፥ ከጎባ 8 ኪሎ ሜትር ላይ። ልጁ ቦታውን ያውቀዋል፤ «ልክ ነው፥ እዚያ ጋ ነው የሚተላለፉት» ሊልም ይችላል።

ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ሌላ ጉድጓድ ከቅንፍ ፊት የቆመው የመቀነስ ምልክት ነው።

100 − 2(ሀ − 5) = 40

አብዛኛው ልጅ 100 − 2ሀ − 10 ብሎ ይከፍተዋል። «መቀነስ በመቀነስ ሲባዛ መደመር ነው» ብላችሁ ብትጮኹ ሌላ ድግምት ጨመራችሁ እንጂ አላስረዳችሁም። ነገሩን ወደ ሱቅ ውሰዱት። መቶ ብር ይዘህ ሁለት ደብተር ገዛህ፤ ባለ ሱቁ ከእያንዳንዱ ላይ 5 ብር ቀነሰልህ፤ 40 ብር መለሰልህ። የደብተሩ ዋጋ ሳይቀነስ ስንት ነበር? ሙሉውን ዋጋ ብትከፍል ኖሮ ከመቶው 2ሀ ይሄድ ነበር፤ ቅናሹ ግን ሁለት ጊዜ አምስት፥ 10 ብር፥ ወደ ኪስህ ተመለሰ። ወደ ኪስ የተመለሰ ገንዘብ ይደመራል ወይስ ይቀነሳል? እንግዲህ 100 − 2ሀ + 10 = 40፤ 110 − 2ሀ = 40፤ 2ሀ = 70፤ ሀ = 35። መልሰህ ተካ፤ ሁለት ደብተር በ30 ብር 60 ነው፤ ከመቶ 40 ተረፈ። በስሕተቱ መንገድ የሄደው 25 ያገኛል፤ በ25 ሲሞክረው መልሱ 60 ብር ይሆንበታል። ባለ ሱቁ 40 ነው የሰጠው።

የካሬው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። (ሀ + 3)² ሲባል ሀ² + 9 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በዘጠነኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በዚሁ በግቢያችንም አለ፤ ስም አልጠራም። 10ን ቢተኩበት 13 × 13፥ 169 ነው፤ የእርሱ ግን 109 ይሆናል። 60ዋ የት ገባች? መሬት ላይ ይሣል። ጎኑ ሀ የሆነ አራት ማዕዘን ማሳ አለ፤ በምሥራቅ በኩል 3 ሜትር፥ በሰሜን በኩል 3 ሜትር አስፋፋነው። የተጨመረው በማዕዘኑ ያለችው ትንሽ ካሬ ብቻ ናትን? ሁለቱ ረጃጅም መደቦችስ? እያንዳንዳቸው 3ሀ ናቸው፤ ሀ 10 ሲሆን 30ና 30። በሲናና ሜዳ ላይ ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ እያየ ያደገ ልጅ ሁለት መደብ ሙሉ ስንዴ አይረሳም።

ይህን ሥዕል የያዘ ልጅ «ኳድራቲክ» የሚባለውን ነገር ሊደርስበት አንድ እርምጃ ነው የቀረው። የኽዋሪዝሚ ዝነኛ ምሳሌ ሀ² + 10ሀ = 39 የሚል ነው። አሥሩን ሀ ለሁለት መደብ እንክፈለው፤ 5ሀ በምሥራቅ፥ 5ሀ በሰሜን። ከማሳው ጋር ሦስቱ በአንድ ላይ 39 ናቸው። ማሳው ሙሉ ካሬ እንዳይሆን ማዕዘኑ ላይ ጎደሎ አለ፤ 5 በ5፥ ማለት 25። ጎደሎውን እንሙላ፥ በቀኝም 25 እንጨምር፤ 64 ሆነ። ሙሉው ካሬ 64 ከሆነ ጎኑ 8 ነው፤ ሀ + 5 = 8፤ ሀ 3 ነው። በቁጥር ደረጃ −13ም ይሠራል፤ መሬት ለካኪው ግን ከዜሮ በታች የሆነ ማሳ ምን ያደርግለታል ብሎ ኽዋሪዝሚ ትቶታል። አሥረኛ ክፍል ላይ «ማይነስ ቢ ፕላስ ኦር ማይነስ» እያልን እንደ ዜማ የሸመደድናት ቀመር ይህችው ማዕዘን የመሙላት ሥራ በፊደል ስትጻፍ ናት። ቀመሩን በቃል ከሚይዙት መካከል ማዕዘኗን ያየ ስንቱ ይሆን?

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ፈተናው ምርጫ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ይህን ሁሉ ሚዛንና ማሳ ማን ያስባል? ሾርት ከት ይሻላል» የሚል ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጡት ወረቀቶችም የሚሰብኩት ይህንኑ ነው። እኔ ሾርት ከትን አልጠላም፤ አቋራጭ መንገድ ለአገሩ ልጅ መልካም ነገር ነው። በዲንሾ ተራራዎች መካከል አቋራጩን የሚያውቀው ግን ዋናውን መንገድ ደጋግሞ የሄደ ሰው ነው፤ እንግዳ የሆነ ሰው አቋራጭ ቢይዝ ጉም ሲወርድ ይጠፋል። አራቱን ምርጫ አንድ በአንድ እየተኩ መሞከርም ቢሆን እኩልታው ምን እንደሚል ለሚያነብ እንጂ ለማያነብ አያገለግልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ መለማመድ አለባቸው» የሚል ነው። እውነት ነው፥ አለባቸው። እኔ የምለው ምክንያቱ በቤት ቋንቋ ይግባ፤ ከገባ በኋላ ግን በዚያው ቀን፥ በዚያው ጥያቄ ላይ፥ «ይህ ነገር ኢኩዌሽን ይባላል፤ ይህ ኮኤፊሸንት ይባላል» ተብሎ ስሙ ይሰጠው። ለሚያውቁት ነገር አዲስ ስም መያዝ ቀላል ነው። ለማያውቁት ነገር ስም መሸምደድ ነው አስቸጋሪው።

ሦስተኛው አዲስ ነው፤ «ልጁ ጥያቄውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ መልሱን ከነደረጃው ያገኝ የለም ወይ?» የሚል። ያገኛል። አንዳንዱ ጥሩ አድርጎም ያስረዳል፤ በዚህ መሣሪያ መጠቀም የቻለ ይጠቀም። ነገር ግን መልሱ ሳይጠየቅ ተዘርዝሮ ሲመጣለት ልጁ የሚያደርገው መገልበጥ ነው። ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ግን ዝም ብሎ ሊጠብቀው፥ ፊቱን አይቶ የት ላይ እንደቆመ ሊያውቅ፥ «ማሊፍ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። ከጎንደር፥ ከወላይታ ወይም ከአዲስ አበባ መጥቶ በሮቤ ልጆችን የሚያስጠና ተማሪ በአማርኛ ሲያስረዳ «በቋንቋቸው አስረዳሁ» ብሎ ያስባል። በአፋን ኦሮሞ ለተማረው ልጅ ግን አማርኛችንም ከእንግሊዝኛው የማይሻል ሌላ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ልጁ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ አስጠኚው የገባው ይመስለዋል። መድኃኒቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ማስጠናት ነው፤ ቋንቋውን የሚችልና ሒሳቡን የሚችል አንድ ላይ ይቀመጡ። ሁለቱንም የሚችል ካለ እግዜር ይስጠው። ይህ ለእኛም ትርፍ አለው፤ አራት ዓመት በባሌ ኖሮ ከሰላምታ በቀር ሳይማር የሚመረቅ ተማሪ ቁጥሩ ይቀንስ ይሆናል።

የማቀርበው አሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባነር፥ ቲሸርትና ፎቶግራፍ አያስፈልገውም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲታሰብ እነዚህ እየቀደሙ ሥራው ሲቀር አይተናል። አንድ ሰሌዳ፥ ጠመኔና አግዳሚ ወንበር ይበቃል። በአንድ አስጠኚ ፊት ከስምንት የማይበልጡ ልጆች ይቀመጡ። በአንድ ቀን ሃያ ጥያቄ ከመሥራት አራት ይሠራ፤ ልጁ እያንዳንዱን መስመር ከመጻፉ በፊት ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ ይናገር፤ መልሱንም መልሶ በመተካት ራሱ ይፍረድ። እስክሪብቶው በአስጠኚው እጅ አይግባ። ይህች የመጨረሻዋ ከሁሉ ትከብዳለች፤ ልጁ ሲንገታገት እያዩ እጅን መሰብሰብ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሰዓት ያህል ብንሰጥ፥ አንድ ሳምንት በሮቤ፥ አንድ ሳምንት በጎባ ብናደርገው፥ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከላይ ያነሣኋቸው አምስት ስድስት ዓይነት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ከአርት ፋኩልቲ እስካሁን አራት ሰዎች ተስማምተናል፤ ሁለቱ አፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱበት ናቸው። ከሳይንስ ፋኩልቲ ቢያንስ አንድ ሰው እንፈልጋለን። ሥራው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መስማት፥ ስንሳሳትም ልጆቹ ፊት ማረም ነው።